ጠብቆ የሚነበብ ቃል

ማክሰኞ ረፋድ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን

ለትንኟ የልጅ ልጄ፣

በአራት ዓመትሽ ጆሮዬ ሥር እየዞርሽ «አባባ ይኼ ምንድን ነው? ያኛውስ?» ስትይ ያወጣሁልሽን ስም ዛሬም አልተውኩትም። ባሕር ተሻግረሽ፣ መሐንዲስ ተብለሽ፣ የራስሽ ቢሮ ተሰጥቶሽ እንኳ ጥዝ ማለትሽን አላቆምሽማ! ስለ ጤናዬ አታስቢ። ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ጥርሴ ግን ጸጥ ብሏል፣ አብዛኛው ስለሄደ። አባትሽ ሆዱ ቀድሞት በር ይገባል እንጂ ደህና ነው። እናትሽም ደህና ናት።

ለምን እንዳልደወልኩ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። በስልክ ከጀመርኩ እቀልዳለሁ፣ አንቺም ትስቂያለሽ፣ ነገሩም በሳቅ ታጥቦ ይሄዳል። ይኼኛው እንዲሄድ አልፈልግም። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩት፤ የሆስፒታሉ የአሳንሰር መካኒክ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ከአርብ በፊት እንዲደርስሽ ነው።

መጀመሪያ የጻፍሽልኝ ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠገንኩት የሆስፒታሉ አሳንሰር አዲስ መቆጣጠሪያ ሊገባለት ነው። ሥራውንም ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ «የአያቴ አሳንሰር ነው፣ የሥራ መዝገቡም ሙሉ ነው» ብለሽ። እናንተ ደግሞ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት አሳንሰሩን እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ ትሠሩታላችሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም፣ ሐኪሙም፣ ዕቃ ገዢውም የየራሱን ወረቀት ሳይሆን ያንን አንድ ሞዴል ያነባል፤ እውነቱ አንድ ቦታ ይቀመጣል። (በኛም ጊዜ እውነቱ አንድ ቦታ ነበር፤ አለቃችን ጠዋት ሲመጣ ግንባሩ ላይ።) ያልተስማማችሁት በአሠራሩ ነው። ስለዚህ ሦስት ቡድን ሦስት መንገድ ይዞ ያንኑ አንድ አሳንሰር ሠራ፤ አንቺ አወዳዳሪ ሆንሽ።

የመጀመሪያው ቡድን ከዕቃው ይጀምራል። ምን አለ? ከምን ጋር ተያይዟል? እንግዳ ሲመጣበት ሰላም ሳይል የኮቱን ቁልፍ የሚቆጥር ሰው በይው። ሁለተኛው ከፍላጎቱ ይጀምራል። ማን ምን ይፈልጋል፣ ማን ያዛል፣ ማን ይታዘዛል? ዕቃው በኋላ ይመጣል። ይኼ ደግሞ ቤት ሳይኖረው በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ የሚጨቃጨቅ ነው። ሁለቱም የድሮ መዝገባችንን አንብበዋል፤ ፈረቃ ለፈረቃ ሲረካከብ የሚጻፍበትን። ሦስተኛው ወረቀትም አላነበበ፣ ሰውም አልጠየቀ። አሳንሰሩ ላይ መለኪያ ለጥፎ ሦስት ወር ዝም ብሎ እንቅስቃሴውን አየ፤ ባየው ብቻ ሞዴል ሠራ። በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ጎረቤት ማለት ነው።

ሦስቱ በሁሉም ነገር ተስማምተው ምድር ቤቱ ላይ ሲደርሱ ተለያዩ። በመጀመሪያው ሞዴል አሳንሰሩ ምድር ቤት አልወርድም ይላል፤ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ተይዟል። የያዘውም «ቁጥብ» የሚባል ነገር ነው። ክብደት፦ አልታወቀም። የተነሣበት ቀን፦ የለም። በሁለተኛው ቁጥብ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ነው፤ «ታች» ይላል፣ አሳንሰሩም ጉድጓዱን ሳያጣራ ይወርዳል። ሦስተኛው ቁጥብ የሚባል ሰምቶም አያውቅ። ግን የሱ አሳንሰር ምድር ቤት ሊደርስ ሲል ይቆማል። ሰባት ሰከንድ። ባዶ ሲሆን ብቻ።

«አባባ፣ ቁጥብ ዕቃ ነው ወይስ አለቃ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «አርብ አንዱን መርጬ መፈረም አለብኝ፤ መቆጣጠሪያው የሚሠራው በፈረምኩበት ነው። እዚህ ሁሉም ሰው ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። በመጀመሪያው ውስጥ የሌለ ዕቃ አለ፤ የሦስተኛው መለኪያም ተሳስቷል እያሉ ነው።»

ይህን አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩና ትራስ ሥር ከተትኩት፤ እዚያ ተኝቶ ይሻለው እንደሆነ ብዬ። አልተሻለውም።

ቁጥብ ዕቃ አይደለም። አለቃም ሆኖ አያውቅም። አብሮኝ የሚሠራ የአሳንሰር መካኒክ ነበር። ስሙን ያወጣንለት ቃል ከአፉ ከሚወጣ ውሃ ከድንጋይ ቢወጣ ይቀላል ብለን ነው። ሚስቱ የወለደች ቀን ሥራ ገባ፤ ከበን «እሺ፣ ምን ወለደች?» አልነው።

«ሰው» አለን።

ያቺ ሰው እናትሽ ናት።

አዎ፣ እሱ ነው። በቤታችን «ሟቹ አያትሽ» እያልን ስለምንጠራው ቁጥብ መባሉን አታውቂም፤ እናትሽም አታውቀውም፣ የሥራ ቦታ ስም ነው። አሟሟቱን ግን ታውቂያለሽ። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ራሱ «ታች» ብሎ አዘዘ፣ ወረደበት፤ በራሱ ትእዛዝ ሞተ፤ ሲባል የሰማሽው ይኼ ነው። እናትሽ «ታች» የምትለውን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ልብ ብለሽ እንደሆነ «ከሥር ያለውን ድስት አምጪ» ነው የምትለው።

አሁን መዝገቡን ክፈቺ። ሁለቱ ቡድኖችሽ የተጣሉበት መስመር ሦስት ቃል ናት፦

ቁጥብ ታች አለ።

ጮክ ብለሽ አንብቢያት። ከዚያ እንደገና አንብቢያት፣ ለ-ን አጥብቀሽ። ስታላያት ቁጥብ «ታች!» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። ስታጠብቂያት ቁጥብ እታች ነው ያለው፣ እንዳትነኩት ማለት ነው። የመጀመሪያው ቡድንሽ አጥብቆ አነበበና ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር አገኘ። ሁለተኛው አላልቶ አነበበና አዛዥ አገኘ። እኔም በዚያ ጠዋት እንደ ሁለተኛው ቡድንሽ አነበብኩ። ዕድሜ ልኬን ብሎን ሳጠብቅ ኖሬ አንዲት ፊደል አላላሁ።

የጻፈችው አሳንሰሩን የምትነዳው ሴትዮ ናት፤ ያኔ አሳንሰር ነጂ ነበረው። ጽፋ ቁርሷን ልትበላ ሄደች። እኔ ፈረቃ ልረከብ ስገባ በሽተኛ በአልጋ ይጠብቃል፣ ነርሷ ትጮህብኛለች። አነበብኩ። ቁጥብ ጉድጓዱን ቅባት መቀባቱን ጨርሶ አውርዱት ብሏል ብዬ፣ ለሥራው የጠፋውን ኃይል መለስኩና ባዶውን ላክሁት። ምድር ቤት ሊደርስ ሲል ገመዱ ለአፍታ ላላ። አሳንሰር ያረፈበት ነገር ሲኖር ብቻ ነው ገመድ እንደዚያ የሚላላው። ሌላ ምንም ድምፅ አልነበረም። እንደ ስሙ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ትራስ ሥር ልከተው የሞከርኩት።

በሳምንቱ አደጋውን የሚመረምሩ አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው መዝገቡን አቀረቡልኝ። «ያየኸውን አንብብልን» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ነገሩ ገብቶኛል። ሴትዮዋ ነግራኛለች፣ ገመዱም ነግሮኛል። ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ አውቄ፣ አላልቼ አነበብኩላቸው። እነሱም «ሟቹ ራሱ በሰጠው ትእዛዝ» ብለው ጻፉ። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ደረጃው ላይ ደረሰችብኝና «ጋሼ፣ እኔ አጥብቄ ነው የጻፍኩት» አለችኝ።

«በጽሑፍ አይታይም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አሳንሰር አልነዳችም፤ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ ጠይቃ ገባች። በደረጃ ስትወጣና ስትወርድ እንገናኝ ነበር። ሰላም ትለኛለች፤ ያ ነው የከፋው።

ከቁጥብ ቤት እግሬን አላነሣሁም። ጣራው ሲያፈስ እደፍናለሁ፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ከልጄ ጋር አብረው አደጉ፣ ተጋቡ፣ አንቺ መጣሽ። ሰውም «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ። ምስጋና እንደዚያ ሲቆረቁር አይቼ አላውቅም። አሳንሰሩንም አንድ ነገር አደረግኩት፤ ለማንም ሳልነግር ከመቆጣጠሪያው ውስጥ አንዲት ማዘግያ ሰካሁ። ምድር ቤት ከመድረሱ በፊት ሰባት ሰከንድ ይቆማል፤ ከሥር ሰው ካለ መጮኺያ ጊዜ እንዲያገኝ። «አሮጌ አሳንሰር ነው» ይላሉ፣ ያልፋሉ። ጡረታ የወጣሁ ቀን ግን የሚተካኝ ሰው አግኝቷት «ይቺ ለምንድን ነው?» እንዳይል ፈርቼ በገዛ እጄ ነቀልኳት። ከዚያ ወዲህ መቆጣጠሪያው ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል።

ታዲያ ሦስተኛው ቡድንሽ ያየው ሰባት ሰከንድ ከየት መጣ? ደግሞ የኔዋ ማዘግያ አሳንሰሩ ሞላም ጎደለም ታቆመው ነበር። ይኼኛው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ባዶውን ነበር የላክሁት።

ትናንት ረፋድ ላይ ሄድኩ። መካኒኳ፣ ይህን ፎቶ የምታነሳልሽ፣ በር ላይ አገኘችኝ።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ፣ ዘመድ ልጠይቅ ነው።»

«የትኛው ክፍል ነው የተኙት?»

«ምድር ቤት።»

«ምድር ቤት እኮ መጋዘንና ሬሳ ክፍል ነው ያለው!»

«እንግዲያው ታሟል አይባልም ማለት ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት።

የአሁኑን መዝገብ አሳየችኝ። ከሷ በፊት የነበረው መካኒክ የጻፈው መስመር አለ፦ «ባዶውን ሲወርድ ምድር ቤት ላይ ይጠብቃል»።

«ሐዲዱ ይጠብቃል እያልን በየወሩ ቅባት እናጠጣዋለን» አለችኝ፤ «እምቢ አለ፣ አይላላም።»

«ልጄ፣ ሐዲዱ ጠበበ፣ ጠነከረ የሚል ነገር የት አለ? አሳንሰሩ ይጠብቃል ነው የሚለው።»

መዝገቡን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ማንን?» አለች።

ምድር ቤት ሆና ከአራተኛ ፎቅ ባዶውን ጠራችው። በሩ ላይ ቆመን ሰማነው። መጣ፣ መጣ፣ ቆመ። በጣቶቼ ሰባት ቆጠርኩ፤ ከዚያ ወረደና በሩ ተከፈተ። እሷ ተሳፍራ ስትወርድ አልቆመም። እንደገና ባዶውን ስንጠራው ቆመ። መካኒኳ ስለ ቅባት ማውራቷን ተወች።

«ጉድጓዱን ክፈቺልኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«መነጽሬ ወድቆብኛል።»

መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ አይታዋለች። ግን ከፈተችልኝ። ኃይሉን አጠፋች፣ በሩን በቁልፍ ከፈተች፣ መሰላል አወረደች፣ በብብቴ ይዛ አስገባችኝ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ሦስተኛ ፎቅ የአንድ ክፍል በር በሽተኛ ላይ ተዘግቷል። «ሁለት ደቂቃ፣ አባባ፣ እንዳይነቃነቁ» ብላ፣ አላፊ አግዳሚ እንዳይወድቅ በሩን ገጠመችው። ጥንቁቅ ናት፤ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ ማስታወሻ ለጥፋ ነው የሄደችው። ምን ብላ እንደጻፈች ቆይቼ ነው ያወቅሁት።

የእጅ ባትሪ ነበረኝ። የድሮ ቅባት ሽታ፣ አቧራ፣ ትልቁ ስፕሪንግ። እሱ ይቀመጥበት የነበረው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የወረድኩት፤ የኔ አፍ ግን የለመደው ሌላ ነው። «ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

ከላይ ሞተሩ ተነሣ።

አንድ የሥራ ባልደረባዋ መጥቶ ማስታወሻውን አንብቧል። «አባባ ታች አሉ» ይላል። አየሽ? አክብራ ጻፈችኝ፤ ክብሩ ግን አላዳነኝም፤ «አሉ»ም እንደ ታናሽ ወንድሙ እንደ «አለ» ይጠብቃል፣ ይላላል። ልጁ «የድሮው ሽማግሌ አውርዱት ብለዋል» ብሎ ኃይሉን መለሰና ባዶውን ላከው።

የአሳንሰሩ ሆድ ሲመጣ ከሥር ምን እንደሚመስል እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። እንደ ጣራ ነው፤ ግን ይመጣል። መጮህ ነበረብኝ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ፤ የኔ ምላስ! ከራሴ በላይ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ቆጠርኩ። ሌላ ምን ላድርግ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በሹክሹክታ። ስድስት ላይ ትንፋሼ አለቀና ዝም አልኩ።

ሰባት ግን ተባለ።

ጮክ ብሎ አይደለም። ቃል እንደሚቆጥብ ሰው። የገደል ማሚቶ ይሆናል፤ ጉድጓድ ያስተጋባል፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ያላልኩትን ከየት አምጥቶ?

ከዚያ አሳንሰሩ መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ሄደ። ጣራው ሲርቅልኝ አፌ ተፈታና «አለሁ! አለሁ!» እያልኩ ጮኽኩ። የሮጠ እግር ሰማሁ፣ ኃይሉ ጠፋ፣ በሩ ተከፈተ። መካኒኳ ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል፤ ባልደረባዋን «አሉ! አሉ ነው ያልኩት!» ትለዋለች፤ እሱም «እኮ፣ አሉ ነው ያነበብኩት!» ይላል። እዚህ ስጽፍልሽ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በጆሮ ግን በመካከላቸው አንድ ሰው አለ።

ወደ ላይ ማን ጠራው ብትይ፣ ልጁ እኔ አይደለሁም ብሎ ምሏል። ከላይ የሆነ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ይሆናል፤ አሳንሰር ነው፣ ይጠራል። የሦስተኛው ቡድንሽ መለኪያ ገና አልተነሣም። ትናንት ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ያለውን እይው። ከየትኛው ፎቅ እንደተጠራ ካገኘሽ ለኔ አትንገሪኝ።

አሁን ወደ አርብሽ። ልብ ብለሽ አንብቢኝ፣ አሁን አልቀልድም። የመጀመሪያው መንገድ እዚያ የሆነ ነገር እንዳለ አውቋል፤ ሰው መሆኑን አላወቀም። ሁለተኛው ሰው መሆኑን አውቋል፤ የት እንዳለ አላወቀም። ሦስተኛው ሁለቱንም አያውቅም፤ ግን ይቆማል። አንዱን መርጠሽ ሁለቱን ከጣልሽ የጣልሽው ወይ ሰውየውን ነው፣ ወይ ቦታውን፣ ወይ መቆሙን። ሁለተኛው ላይ ብቻ አትፈርሚ። ከሦስቱም ያለውን አንድ ላይ አድርጊው፤ ከሁሉ በፊት ግን ጉድጓዱ ውስጥ ማጥፊያ አስገቢ። የሚወርደው ሰው ራሱ ያጥፋው፣ ቁልፉን ኪሱ ይክተት፣ ሲወጣ ራሱ ያብራው። በማንም ንባብ ላይ ሕይወቱን አይጣል። «አለሁ» የሚለው ቃል አይላላም፤ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ግን ባለቤቱ ካልሆነ ማንም ሊለው አይችልም።

ለአለቆችሽም ንገሪያቸው፤ የመዝገቡ ንባብ የተበላሸው ከምንጩ ነው፤ ምንጩ እኔ ነኝ። ለሆስፒታሉም ጽፌ ፈርሜ ዛሬ ጠዋት ሰጥቻለሁ፤ «ሟቹ ምንም ትእዛዝ አልሰጠም» ብዬ። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ «ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ለማን ይጠቅማል?» አለችኝ። «ለአንዲት ሴት፤ ለሟቹ ልጅ» አልኳት።

የሠራሽው ሁሉ ሰው አዝሎ በደህና ይውጣ፣ በደህና ይውረድ። ጥያቄሽ አይንጠፍ፤ መላሽ አትጪ። ከሁለት አያት የወረስሽው አንድ ላይ ይባረክልሽ፤ ጥዝ ማለቱ ከኔ ነው፣ ከመፈረምሽ በፊት ዝም ብለሽ ማሰብሽ ከሱ።

እናትሽ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ወረቀት አላሳያትም፤ በአፌ፣ ቃሉን አጥብቄ እነግራታለሁ። ከዚያ ወጥታ ላንቺ ትደውላለች። አንቺ ደግ ልጅ ነሽ፤ «እማዬ፣ አባባ አርጅቷል፣ እየቀባዠረ ነው» ብለሽ ልታጽናኛት ትሞክሪ ይሆናል። እንዳትዪ። «አእምሮው ደህና ነው፤ ያኔም ደህና ነበር» በያት።

አንደኛው አያትሽ